የሐማዳን ስጋጃ በደብረ ብርሃን ቤት፦ ክረምቱንም ብርዱንም ካለፈ በኋላ

ሳሎናችን ውስጥ የተነጠፈው ስጋጃ የሐማዳን ነው። ሐማዳን በምዕራብ ኢራን ያለች ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች የሚሠሩ ስጋጃዎች በስሟ ይጠራሉ። የባለቤቴ እህት ከዱባይ ስትመጣ ይዛልን መጣች። እንግዳ ሁሉ ገና ሲያየው «በዚህ አገር እንዴት ትይዢዋለሽ?» ይለኛል። ከረምንበትና አሁን በደንብ መመለስ እችላለሁ። እግር አይጎዳውም። የሚጎዱት እርጥበትና ብል ናቸው።

መጀመሪያ ግን ያላችሁ ስጋጃ በእጅ የተቋጠረ መሆኑን አረጋግጡ። ገልብጡት። ከጀርባውም አበባው እንደ ፊቱ ቁልጭ ብሎ ከታየ፣ ጫፍ ላይ ያለው ዘርፍም የተሰፋ ሳይሆን የራሱ የድሩ ቅጥያ ከሆነ፣ የእጅ ሥራ ነው። የእኛ ድርና ማጉ ጥጥ ነው፤ ፀጉሩ ሱፍ። እያንዳንዱ የሱፍ ክር ሁለት ድሮችን አቅፎ ተቋጥሯል፤ በማጣበቂያ የተያዘ ነገር የለበትም። ልጆች ሲሯሯጡበት ውለው ምንም የማይሆነው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ብናኝ ሱፍ ይለቃል። አትደንግጡ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። አንዳንዴ አንድ ክር ከሌሎቹ በላይ ብቅ ይላል። በመቀስ እኩል ይቆረጣል እንጂ አይጎተትም።

ክረምቱ ነው ዋናው ፈተና። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ በቅጡ አትወጣም፣ የሲሚንቶ ወለልም ቅዝቃዜና እርጥበት ይይዛል። ብዙ ሰው ፕላስቲክ ምንጣፍ ያነጥፍና ስጋጃውን ከላዩ ያደርጋል። እርጥበቱ መሐል ላይ ይታመቃል፤ መጀመሪያ ሽታ ይመጣል፣ ቆይቶ የጥጡ ድር ይበሰብሳል። እኔ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የጎማ መረብ ነው ከሥሩ ያደረግሁት። አየር ያስገባል፣ ስጋጃውም አይንሸራተትም። በክረምት ማዕዘኑን ገለጥ አድርጌ ጀርባውን በመዳፌ እዳስሳለሁ። ቀዝቀዝና ለስለስ ካለኝ ወንበሮች ላይ ዘርግቼ አሳድረዋለሁ። አማቴ የመሐል ሜዳ ሰው ናቸው፤ ከመንዝ በግ ጠጉር ሲፈትሉ ነው ያደጉት። ገና እንዳዩት «ልጄ፣ ሱፍ ነፋስ ይፈልጋል፣ ውሃ አታብዢበት» አሉኝ። እኔም የምጨምርበት የለኝም።

ስለዚህ ላቫጆ አትውሰዱት። እዚያ በግፊት ውሃና በኦሞ ነው የሚታጠበው። ኦሞ ለጥጥ ልብስ ጥሩ ነው፤ ሱፍን ግን ያደርቃል፣ ጥንካሬውንም ይቀንሳል። በረኪና ደግሞ ሱፍን ጭራሽ ያሟሟዋል። ሱፍ ውስጥ ተፈጥሯዊ ቅባት አለ፤ ቆሻሻ ቶሎ እንዳይሰርግ የሚከላከለው እሱ ነው። ሙሉ እጥበት በጥቂት ዓመታት አንዴ ይበቃዋል። በየሳምንቱ ቫኪዩም አደርገዋለሁ፣ የሚሽከረከረውን ብሩሽ አጥፍቼ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ ዘርፉን ሳልነካ። ቫኪዩም ከሌለ ለስላሳ መጥረጊያ ይሠራል።

ቡናችንን አልተውንም። ቄጤማ ግን ስጋጃው ላይ አይጎዘጎዝም፤ እርጥብ ነው፣ አረንጓዴውም ይለቃል። ባዶው ወለል ላይ እንጎዘጉዛለን፣ ከሰል ማንደጃው ሥር ሰፊ ትሪ አለ። አንድ ቀን ፍም ተፈናጥሮ ወደቀበት። ሱፍ እንደ ፕላስቲክ አይቀልጥም፣ በቀላሉም አይነድም፤ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተና ቆመ። የጠቆረውን ጫፍ በማንኪያ ጠርዝ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ረገፈ፤ አሁን የት እንደነበር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ቡና ሲፈስ ደግሞ ማሸት የለም። ነጭ ደረቅ ጨርቅ አድርጋችሁ ተጫኑት፣ ጨርቅ እየቀየራችሁ፣ ከዳር ወደ መሐል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ትንሽ ነጭ አቼቶ ጠብ አድርጋችሁ በጨርቅ እንደገና መጫን። ግን አስቀድማችሁ ከሶፋ ሥር በተደበቀው ጥግ ቀዩን ቀለም በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሞክሩት። ጨርቁ ከቀላ ቀለሙ ይለቃል ማለት ነው፤ ውሃ አታስነኩት። ሲያልቅ ከፍ አድርጋችሁ ከላይም ከታችም አድርቁት።

ብል! እናቶቻችን በርኖስና ባና ላይ የሚያውቁት ብል ስጋጃም ይበላል። የሚበላው የሚበረው ሳይሆን ትንሿ ነጭ ትል ናት። ሱፉን ትበላለች፣ ጥጡን ትተዋለች፤ ራቁቱን የቀረ ድር ካያችሁ እሷ ናት። የምትወደው ጨለማና ማንም የማይነካው ቦታ ነው፤ ከሶፋ ሥር፣ ከቡፌ ሥር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ብታደርጉ ሽታው ትሏን አይገድላትም። የኅዳር ውርጫችንም አይበቃም። ትንሽ ስጋጃ ከሆነ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይሠራል። የእኛ ትልቅ ስለሆነ ለመስቀልና ለፋሲካ ሶፋው ይነሳል፤ ፊቱም ጀርባውም ተጠርጎ ፀሐይ ይነካዋል። መልሰን ስናነጥፈው ራስጌውን ወደ ግርጌ እናዞረዋለን፣ የመስኮቱ ፀሐይ አንዱን ጎን ብቻ እንዳያደበዝዘው።

የማልወደው ነገር አለው? አለው። ከባድ ነው፣ ብቻዬን አላነሳውም። ምግብ ጠረጴዛ ሥር አላደርገውም፤ የወጥ ዘይት ከሱፍ ላይ ለመልቀቅ ያታግላል። ዘርፉ ደግሞ በጫማ እየተያዘ ይላላል። አንድ ቦታ ሲፈታ ካያችሁ ቆይ ሌላ ጊዜ አትበሉ፤ በመርፌና በጠንካራ የጥጥ ክር ጠርዙን ያዝ ያዝ አድርጉት። ማጉ አንዴ መውጣት ከጀመረ ቋጠሮው ረድፍ በረድፍ ይከተላል፣ እሱን መልሶ የሚቋጥር ባለሙያ ደግሞ እኔ እስካሁን እዚህ ከተማ አላገኘሁም።