«ኮምፒውተር እናፈጥናለን» ሲሏችሁ ጠይቁ

ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ ገንዘባችሁን ሳታወጡ ይቺን አንብቡልኝ። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት 700 ብር ከፍዬ መጣሁ። ላፕቶፔ እስኪከፈት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይደርሳል። ልጁ «አብሽሩ ጋሼ፣ ከጀርባ የሚሠሩትን አላስፈላጊ ሰርቪሶች ዘግቼ አበረዋለሁ» አለኝ። ከፍላሹ አንድ ፋይል ከፈተ፣ ጥቁር መስኮት ላይ ጽሁፍ ተግተለተለ፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ማታ የተማሪዎቼን ፈተና ላትም ስል ፕሪንተሩ የለም። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ጠረጴዛ ስር ገብቼ ሶኬቱን ነካካሁ። ወዲያው ዋይፋዩም እንደሌለ አየሁ። በነጋታው ብመልሰው «ይሄማ ሌላ ችግር ነው፣ 400 ይጨምሩ» አይለኝም!

ትቼው ወጣሁ። የእህቴ ልጅ የሰርቪሶቹን ዝርዝር ከፍቶ አሳየኝ። ፕሪንት ስፑለር ተዘግቷል፤ ያለ እሱ ምንም አይታተምም። ዋይፋዩን የሚያገናኘው ደብልዩላን አውቶኮንፊግም እንደዚያው። ሁለቱን «አውቶማቲክ» አድርጎ አስነሳቸው፣ ተመለሱ። ያበሸቀኝ ግን የዊንዶውስን የደህንነት ማስተካከያ የሚያወርደው ዊንዶውስ አፕዴትም መዘጋቱ ነው። ፕሪንተር ሲጠፋ ሰው ያውቃል፤ አፕዴት ሲዘጋ ማን ልብ ይላል? እኔ ደግሞ ቫይረስ ሊኖርበት የሚችል የስንቱን መምህር ፍላሽ ነው የምሰካው።

ለነገሩ ብዙዎቹን መዝጋት ፍጥነት አይጨምርም። «ማኑዋል» የተባሉት ካልተፈለጉ አይነሱም። ፋክስን መዝጋት ትችላላችሁ፣ ማን ይልካል? ጌም የማይጫወት የኤክስቦክሶቹን፣ ፕሪንተር የሌለው ስፑለሩን ይዝጋ። ለኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ የሚቀበለውን ዲኤችሲፒ ክላየንትንና ብዙዎቹ ሰርቪሶች የሚደገፉበትን አርፒሲን ግን እንዳትነኩ። አንድ በአንድ ዝጉ፣ የነበረበትንም ወረቀት ላይ ጻፉ።

የእኔን ላፕቶፕ የሚጎትተው ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀር ሲከፈት፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱት በሚዘረዘሩበት «ስታርታፕ» ውስጥ ሰባት ፕሮግራም ተሰልፎ ነበር። ሦስት አስቀርተን ሌላውን አጠፋን። ሀርድ ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው ነው፤ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ፣ ቢገባለት ነበር የሚሻለው። ያቺ 700 ብር ለዚያ መነሻ ትሆነኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ቤት ከሄዳችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የትኞቹን እንደሚዘጋ በስም ይጻፍላችሁ። እኔ ብጠይቀው ኖሮ የሚመልስልኝ አይመስለኝም። ፋይሉን ራሱም ከሰው ነው ያገኘው።