ናሽናልስ ፓርክ ላይ ጥላ ፎቅ ፍለጋ

አዲስ አበባ ስታዲየም ኳስ ሲያይ ያደገ ሰው ጥላ ፎቅ ከካታንጋ ምን ያህል እንደሚለይ ያውቃል። ዋሽንግተን ውስጥ የከተማዋን የቤዝቦል ቡድን የናሽናልስን ጨዋታ ለማየት ናሽናልስ ፓርክ ስታዲየም ቲኬት ስትገዙ ግን የሚነገራችሁ ዋጋው፣ ሴክሽኑና ረድፉ ብቻ ነው። ፀሐይዋን ራሳችሁ ማስላት አለባችሁ። እኔ ማስላት የጀመርኩት በአባቴ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ መጥተው እኔ ጋ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ከርመዋል። ሰባን አልፈዋል፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገናም አድርገዋል። የድሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ናቸውና ስታዲየም ልውሰድዎት ስላቸው ደስታቸውን አልቻሉትም። ከዚያ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ጥላ ፎቁ በየት በኩል ነው?» የሚል ነበር።

ለቸኮለ ሰው መልሴ ይኸው። ለቀን ጨዋታ በሦስተኛ ቤዝ በኩል (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ሜዳውን ለሚያይ በግራ ነው)፣ ታችኛው ደረጃ ላይ፣ የኋላ ረድፎችን ግዙ። መቺው ከሚቆምበት ጥግ፣ ከሆም ፕሌት ጀርባ ያሉት የኋላ ረድፎችም ጥሩ ናቸው፤ እዚያ ግን ዋጋው ይንራል።

ምክንያቱ የሜዳው አቀማመጥ ነው። የቤዝቦል ሕግ ራሱ ከሆም ፕሌት ትይዩው ወዳለው ጥግ፣ ወደ ሁለተኛ ቤዝ የሚሄደው መስመር ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ቢያመራ ይመረጣል ይላል። የከሰዓት ፀሐይ መቺውን ዓይኑን እንዳትወጋው ነው። በ2008 የተከፈተው ናሽናልስ ፓርክ ከዚያ ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ ውጤቱ ግን ብዙም አይለይም። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትዞር ከሆም ፕሌት ጀርባና በሦስተኛ ቤዝ በኩል ለተቀመጠ ሰው ከኋላው ትሆናለች። ራይት ፊልድ፣ ማለትም ከመቺው ራቅ ብሎ በቀኝ በኩል ሜዳው ዳር የተቀመጠው ደግሞ ፊት ለፊት ይጋፈጣታል። ጁላይ ላይ እዚያ ትንሽ ልጅ ወይም ሽማግሌ ይዤ አልሄድም፤ በነፃ ቢሰጡኝም።

ቀጥሎ ሰዓቱን እዩ። የእሑድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ 1:35 ላይ ይጀምራል (ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው)፤ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ሰመር ላይ ሰዓት ስለሚቀየር ዋሽንግተን ውስጥ ፀሐይ አናት ላይ የምትወጣው 12 ሰዓት ላይ ሳይሆን ከ1 ሰዓት በኋላ ነው። ጨዋታው የሚጀምረው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ኢኒንጎች (ጨዋታው የሚከፈልባቸው ዙሮች) የሚያስጥላችሁ ከራሳችሁ በላይ ያለ ጣሪያ ብቻ ነው። የሕንፃው ጥላ የሚመጣው ቆይቶ ነው። አንዳንድ የቲኬት መሸጫዎች ላይ አንድ ወንበር «ጥላ አለው» ተብሎ ይጻፋል። በስንት ሰዓት? እሱ ካልተነገራችሁ ምንም አልተነገራችሁም።

የሴክሽን ቁጥሩ ከሌፍት ፊልድ፣ ከግራው የሜዳ ዳር ጀምሮ ከ100 ወደ ላይ እየቆጠረ ይዞራል። በ110ዎቹ ውስጥ ያሉት በሦስተኛ ቤዝ በኩል ናቸው። ረድፎቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ከኤ እስከ ዜድ ይሄዱና ከዚያ ፊደሉ ይደገማል፤ ኤኤ፣ ቢቢ እያለ ይቀጥላል። ፊደሉ ከተደገመ በኋላ ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር የላይኛው ፎቅ ጣሪያ ይሆናችኋል። ሜዳው አፍንጫ ሥር ያሉት ውድ ወንበሮች ምንም የሚከልላቸው ነገር የለም። ገንዘብ ጥላ አይገዛም፤ የኋላው ረድፍ ነው የሚገዛው።

ለአባቴ ሌላም ጥቅም ነበረው። ሰው የሚዘዋወርበት ዋናው ኮሪደር ከታችኛው ደረጃ አናት ላይ ነው። የኋላ ረድፍ ከያዛችሁ ጥቂት ደረጃ ወርዳችሁ ትቀመጣላችሁ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ከጥላው አይተናነስም። መጸዳጃ ቤት ለመሄድም አቀበት የለም።

ተቀምጠን አባቴ ከጨዋታው እኩል ጥላውን ይከታተሉ ነበር። መጀመሪያ ላይ የጥላው ጫፍ ከእኛ ጥቂት ረድፍ ዝቅ ብሎ ደረጃው ላይ ተሰምሯል። ከመስመሩ በታች የተቀመጡ ባልና ሚስት ፎጣ አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ነበር። በየኢኒንጉ መስመሩ አንድ አንድ ረድፍ ይወርዳል። ሴትየዋ ጋ ሲደርስ ፎጣዋን አነሳችና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ባልየው አንድ ወንበር አልፎ ስለነበር ገና ፀሐይ ላይ ነው። አባቴ ክንዴን ነካ አድርገው፣ «አንቺ፣ እሱም አሁን ይደርሰዋል» አሉኝ። ደረሰውም።

ጉድለቱን አልደብቅም። ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ወደ ሰማይ የተመታች ኳስ ከዓይን ትሰወራለች። አባቴ ደጋግመው «የት ገባች?» ይላሉ። የተጫዋቾቹን ዓይን እያያችሁ ነው የምትገምቱት። ነፋስም እንደልብ አይገባም። የዋሽንግተን ወበቅ ደግሞ ጥላ ሥርም ቢሆን ያልባል። ስለዚህ በየመሐሉ ተነሱ። ኮሪደሩ ወደ ሜዳው ክፍት ስለሆነ ቆሞ ማየት ይቻላል። ያልተከፈተ የታሸገ ውሃ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የቦርሳውን ደንብ ግን ሳትወጡ እዩት። ለመነሳት ጥሩው ሰዓት አራተኛው ኢኒንግ ላይ የድሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን መስለው ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁት ሰዎች ሮጠው እንደጨረሱ ነው። ልጆች ካሏችሁ እሱን ሳያዩ አይነሱላችሁም።

ሙቀቱን ለሚፈሩ ሌላ መልካም ዜና አለ። በ2023 ለመቺው ኳስ ለሚወረውሩት ወርዋሪዎች የጊዜ ገደብ ከመጣ ወዲህ ጨዋታው አጥሯል። በ2022 በአማካይ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስድ የነበረው፣ በ2023 ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ወረደ። የ1:35ቱ ጨዋታ ከ4 ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ያልቃል።

የማታ 6:45 ጨዋታ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ራይት ፊልድ ያሉት ዓይናቸው ይጨናበሳል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ከሁሉ የምወደው የቅዳሜውን 4:05 ነው። በሦስተኛ ቤዝ በኩል ጥላው ቀድሞ ይገባል፤ ከዚያም ሜዳው ላይ ይወርዳል። አንዳንዴ ወርዋሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ መቺው ጥላ ውስጥ ይሆናል። ኳሷ መሐል ላይ ከብርሃን ወደ ጥላ ስትገባ መቺው ለማየት ይቸገራል። አባቴ የቤዝቦልን ሕግ ገና በደንብ አልያዙትም፤ ይህን ግን ማንም ሳይነግራቸው ነው ያዩት።

መኪና ይዛችሁ አትሂዱ፤ የፓርኪንጉ ዋጋ ሌላ ቲኬት ያስገዛል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ፎርት ቶተን ወርዳችሁ አረንጓዴውን ያዙና ኔቪ ያርድ ውረዱ። በሃፍ ስትሪት በኩል ስትወጡ ስታዲየሙ ፊት ለፊታችሁ ነው። ያቺ አጭር መንገድ ግን ጥላ የለባትም፤ ባርኔጣ አትርሱ።

ሴፕቴምበር ላይ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ጥላው ቶሎ ይመጣል፤ ያኔ ትንሽ ፊት ያለ ረድፍ ብትገዙም አትጎዱም። ኤፕሪል ላይ ግን የነገርኳችሁን ሁሉ ገልብጡት። ያ የኋላ ረድፍ ያንዘፈዝፋል። አባቴ ኤፕሪል ላይ ቢመጡ ኖሮ የምገዛላቸው ራይት ፊልድ ነበር።