ፒያሳ ያለችው ጠባብ ጌጥ ቤትና የቲታኒየም ሎቲዎቿ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። አዲስ ለተበሳ ጆሮ የሚሆን ጌጥ ደሴ ላይ የት ይገኛል ለምትሉኝ፣ ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ መሀል የገባችውን ጠባብ ጌጥ ቤት እመክራለሁ። መደርደሪያዋ ትንሽ ነው፤ ምርጫውም ብዙ አይደለም። ባለቤቷ ግን የምትሸጠውን ብረት ታውቀዋለች። የማታውቀውን ደግሞ «ይሄንን እንኳ አላውቀውም» ትላለች። እኔ ከጌጥ ሻጭ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። በርካሽ ጌጥና በልብስ ቁልፍ ውስጥ የሚገባው ኒኬል የሚባል ብረት አይስማማኝም። የጂንስ ቁልፍ የነካው ቦታ ይቀላል፣ ያሳክከኛል፣ ከዚያም ውሃ ይቋጥራል። ይሄ ነገር ወዲያው አይነሳም። ብዙ ጊዜ ጌጡ ከተደረገ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ሰው ጌጡን ትቶ ሳሙናውን የሚያማው። ሰውነት አንዴ ኒኬልን ከጠላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። ጆሮ መበሳት ለዚህ ችግር ትልቅ በር ይከፍታል፤ ቁስሉ ሳይድን ብረቱ በቀጥታ ሥጋ ያገኛል፣ የቁስሉ እርጥበትም ኒኬሉን እያሟሟ ያወጣዋል።

እና የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደውላ «አክስቴ፣ ሁለተኛ ልበሳ ነውና ጥሩ ሎቲ ፈልጊልኝ» ስትለኝ ነገሩን በዋዛ አላየሁትም።

መጀመሪያ ሰኞ ገበያ ሄድኩ። ያየሁት አብዛኛው አርቲፊሻል ነው። ሲያዩት ያምራል፣ ልጆቹም ሲያስተናግዱ ደስ ይላሉ። አንዱ «እህቴ፣ ይሄ ኦሪጅናል እስቴንለስ ነው። አይዝግም፣ አለርጂም የለውም» አለና ማግኔት አስጠጋልኝ። አልሳበም። «አየሽ?» አለኝ። ልጁ እየዋሸኝ አልነበረም፤ እሱም እንደዚያ ተብሎ ነው የገዛው። ግን ማግኔት አልሳበውም ማለት ኒኬል የለበትም ማለት አይደለም። እንዲያውም 316ኤል የሚባለውን ጥሩ እስቴንለስ ማግኔት የማይስበው በውስጡ ኒኬል ስላለ ነው፤ ያውም ከ10 እስከ 14 በመቶ። ኒኬሉ በብረቱ ውስጥ አጥብቆ ስለተያዘ ብዙ ሰው ያለ ችግር ያደርገዋል። እንደ እኔ ላለ ሰው ግን፣ በተለይ ትኩስ ቁስል ላይ፣ አልደፍረውም።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ጉዳይ በሕግ ይዞታል። የመጀመሪያው ደንብ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጣ። አሁን በሚሠራበት ልክ፣ በተበሳ ገላ ውስጥ የሚገባ ጌጥ በሳምንት ውስጥ ከእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 0.2 ማይክሮግራም ኒኬል እንኳ እንዲለቅ አይፈቀድለትም። ኢምንት ነው። ይህን እያወቅሁ፣ አምራቹ ማን እንደሆነ ያልተጻፈበትን ፓኬት «ከኒኬል ነጻ» ስላለ ብቻ ለልጅ ጆሮ ልገዛ አልችልም። ወርቅ ቅቡን ደግሞ ጭራሽ ተዉት። ከሥር ርካሽ ብረት፣ ከላይ ስስ ወርቅ፣ ብዙ ጊዜ በመሀላቸው ኒኬል አለ። ላዩ ሲፋቅ እሱ ብቅ ይላል።

ቀጥዬ አንድ አንጋፋ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ገባሁ። ስለሳቸው ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። «አባባ፣ ለአዲስ ቀዳዳ የሚሆን ሎቲ አለዎት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ሌላ ነገር ሳይገባበት ጌጥ አይሆንም» አሉኝ። «21 ካራቱ 87 ነጥብ 5 በመቶ ወርቅ ነው፣ 18ቱ 75። የቀረው እኔ ዘንድ መዳብና ብር ነው። ነጭ ወርቅ ካማረሽ ግን የትም ብትሄጂ ጠይቂ፤ ለማንጣት ኒኬል የሚጨምሩበት አለ።» ይህን ሁሉ ሳልጠይቃቸው ነው የነገሩኝ። 18 ካራቱን ልገዛ ምንም አልቀረኝም ነበር። የመለሰኝ የወርቁ ጉዳይ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ሽቦው በጣም ቀጭን ነው፤ አዲስ ቀዳዳን ሊቆርጥ ይችላል። ከኋላ የሚይዘው ቢራቢሮ ደግሞ ቆሻሻና ቅርፊት ይሰበስባል፣ ጆሮ ሲያብጥም ይጫናል። ለዳነ ጆሮ ግን ከሳቸው የተሻለ አላየሁም።

ብርም አላቸው። ወሎ ውስጥ ብር ያላደረገ የማን አያት አለ? እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም 925 የሚባለው ብር 7.5 በመቶው ሌላ ማዕድን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ። እርጥብ ቁስል ውስጥ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱም ቆዳ ላይ ሊቀር ይችላል። ከዳነ በኋላ ይደረስበታል።

ወደ ጌጥ ቤቷ ልመለስ። የልጅቷን ነገር ስነግራት ባለቤቷ መደርደሪያውን ትታ ከመሳቢያ ትንሽ ሳጥን አወጣች። በየፓኬቱ ላይ «ኤኤስቲኤም ኤፍ136» የሚል ተጽፏል። ይህ ለቀዶ ሕክምና፣ ሰውነት ውስጥ ለሚቀሩ ብረቶች የወጣ፣ ኒኬል የማይጨመርበት የቲታኒየም መለኪያ ነው። በጽሑፉ ብቻ አላለፍኳትም። «መረጃ አለሽ?» አልኳት። ቅር ሳይላት አቅራቢዋ የላከላትን የብረቱን ምስክር ወረቀት ስልኳ ላይ ከፍታ አሳየችኝ። ደረሰኙ ላይም የብረቱን ዓይነት ጻፈችልኝ። ደሴ ውስጥ ጌጥ ስገዛ «ሎቲ» ከሚል ቃል ሌላ የተጻፈበት ደረሰኝ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሎቲው ራሱ በደንብ የታሰበበት ነው። ከኋላው ጠፍጣፋ ስለሆነ ሲተኙበት አይወጋም። ዘንጉ ልሙጥ ነው፤ ጥርስ ያለው ብሎን በቀዳዳው ውስጥ አያልፍም፣ ፈርጡ ከፊት በኩል ነው የሚሰካው። ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ትርፍ ርዝመቱ ለእብጠቱ ነው፤ እብጠቱ ሲጎድል በ6 ሚሊ ሜትሩ ይቀየራል። ክብደቱ ከእስቴንለስ በግማሽ ገደማ ያንሳል፤ እጄ ላይ ላባ መሰለኝ። ሰማያዊና ሐምራዊም አለ። «ይሄ ቀለም ቢለቅስ?» ብዬ ጠየቅኳት። ቀለም አልተቀባም። በኤሌክትሪክ የቲታኒየሙ የራሱ ስስ ሽፋን እንዲወፍር ይደረግና ብርሃን ሲያርፍበት ቀለም ይሰጣል። በጊዜ ብዛት ሊደበዝዝ ይችላል እንጂ እንደ ወርቅ ቅብ ተፍቆ ሌላ ብረት አያወጣም።

እሷ አትበሳም። ይህንንም ወድጄላታለሁ። «በጆሮ መብሻ ሽጉጥ እንዳትበሳ፤ ፕላስቲክ ስለሆነ አውቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን ውስጥ፣ አይገባም» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ልጅቷን ኮምቦልቻ አንዲት ነርስ በአዲስ መርፌ በሳቻት፤ ሎቲውም በአውቶክሌቭ ጀርሙ ከተገደለ በኋላ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ 0.9 በመቶ ንጹሕ የጨው ውሃ ብቻ። አያቷ ቅቤ ቀቢው ብለው ነበር፤ አክብረን ሰማናቸው፣ አልቀባንም። ዝቅተኛው የጆሮ ሥጋ ለመዳን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፣ የላይኛው አጥንት መሰሉ ክፍል ወራት ይወስዳል። የእሷ ጆሮ እስካሁን አላሳከከም፣ መግልም አልያዘም። እኔም አንድ ጥንድ በድሮው ቀዳዳዬ አድርጌያለሁ፤ ሌሊትም አላወልቀውም፣ ምንም አላለኝም።

ቅሬታዬን ደግሞ ልናገር። ዋጋው ከአርቲፊሻሉ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። ለተማሪ ከባድ ነው። ባለቤቷ በነጠላ እንደምትሸጥ ግን አይታወቅም፣ ተጽፎም አልተለጠፈም፤ ስትጠይቋት ነው የምትናገረው። አንድ ጆሮ ብቻ የምትበሱ ጥንድ አትግዙ። ለአፍንጫ የሚሆነው ቀጭኑ፣ የ1 ሚሊ ሜትሩ፣ ጨርሶ የለም። «ፈላጊ ካለ አስመጣለሁ» ብላኛለች። አፍንጫችሁን ለመበሳት ያሰባችሁ እስቴንለሱን ከመግዛታችሁ በፊት ገብታችሁ ስማችሁን አስመዝግቡላት።