አቢሲኒካ፦ የመቃ ብዕር ለዛ ያለው ነጻ ፎንት

የመጽሐፍ ሽፋን፣ የሰርግ ጥሪ ምናምን ለምትሠሩ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ልጠቁማችሁ። ፎንቱ የተነሣው ከእጅ ጽሑፍ ባህላችን ነው፤ ያስታውቃልም። «ሐ»ን ገጹን እስክትሞላ አሳድጋችሁ እዩአት። እግሮቿ ወፍረው ይወርዳሉ፣ አናቷ ላይ ያለው መስመር ደግሞ ቀጠን ይላል፣ ልክ መቃ ብዕር አግድም ሲሳብ እንደሚያደርገው።

ደስ ያለኝ ይሄ ነው። ብራና ለማስመሰል ፊደሉ ላይ ስንጥቅና እድፍ የሚያርከፈክፉ ዲዛይነሮች አሉ (እባካችሁ ተዉ!)። እዚህ ግን የብራናው መንፈስ ያለው አጣጣሉ ላይ ነው።

ችግሩ ውፍረቱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ደማቅ የለውም። ቦልድ ስትሉት ፕሮግራሙ ራሱ በግድ ያወፍረውና «ጨ» እና «ጪ» ዓይነቶቹ ጥቅጥቅ ብለው ውስጣቸው ይደፈናል። ስልክ ላይ በትንሹ ስታነቡትም ቀጫጭኑ መስመር ይጠፋል። ለዚያ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም 9 ደረጃ ያለው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሻላል፤ ለዛ ባይኖረውም ይነበባል።

የአቢሲኒካ ፈቃድ አሪፍ ነው። ለንግድ ሥራ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ግን ክልክል ነው። የራሳችሁን ፊደል መቅረጽ ካማራችሁም ፋይሉን ከፍታችሁ መነካካት ትችላላችሁ፣ ስሙን እስከቀየራችሁና በዚያው ፈቃድ እስካወጣችሁት ድረስ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ደማቁን ነበር የምሠራለት።