ደሴ የገዛሁት «የጃፓን ሜፕል»

ለግቢዬ ቀይ ቅጠል ያለው ትንሽ ዛፍ ፈልጌ ደሴ ውስጥ ወዳለ አንድ ችግኝ መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ልጅ «የጃፓን ሜፕል ነው እትዬ፣ ብርድ ይወዳል» አለኝ። 600 ብር ከፈልኩ። ቅጠሉ እንደ መዳፍ የተዘረጋ፣ ጫፉ የሾለ፣ ደም የመሰለ ነበር።

ቤት ገብቼ ጠጋ ብዬ ሳየው ጠረጠርኩ። ሜፕል ቅጠሉን የሚያወጣው ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው፤ ሁለቱ ቅርንጫፉ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። የኔው አንዱ በግራ፣ ከፍ ብሎ ሌላው በቀኝ ነው። ግንዱም ውስጡ ክፍት። የጃፓን ሜፕል ቅርንጫፉ ቀጭን እንጨት፣ ቅጠሉም ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። የኔው በሦስት ወር ትሪ አከለ።

ፍሬ ሲይዝ ቁርጡ ታወቀ። የሜፕል ፍሬ ጥንድ ክንፍ አለው፤ እየተሽከረከረ ነው የሚወርደው። ይሄ እሾሃማ እንክብል አወጣ። ጉሎ! እናቴ ምጣድ የምታስስበትን አረንጓዴውን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ቀዩን ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ያናደደኝ ብሩ አይደለም። የጉሎ ፍሬ ከታኘከ መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ። ይህንን ለገዢ አለመንገር ትልቅ ጥፋት ነው።

የጽድና የወይራ ችግኛቸው ግን በጣም ጥሩ ነው፤ አምና የወሰድኳቸው ሁሉም ጸድቀዋል። ብሬንም ሳይከራከሩ መለሱልኝ። ጉሎውን ፍሬው ሳይደርቅ ነቅዬ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት።