ሰርገኛ ቀለም በገንዳ ዙሪያ፦ የጎማ ንጣፍ ከ14 ወራት በኋላ

ላስ ቬጋስ በሚገኘው ቤታችን የመዋኛ ገንዳውን ዙሪያና የጓሮ በረንዳውን በጎማ ንጣፍ ያስሸፈንነው እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ነበር። ከ1 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚደርሱ ባለቀለም የጎማ ጥራጥሬዎች ከፖሊዩረቴን ማጣበቂያ ጋር ተለውሰው፣ በተሰነጣጠቀው አሮጌ ኮንክሪት ላይ በእጅ ተለሰኑ። ለገንዳው ዙሪያ ግማሽ ሰማያዊ፣ ሩብ የአሸዋ ቀለም፣ ሩብ ፈካ ያለ ግራጫ መረጥን፤ ለበረንዳው ደግሞ ቡናማና ጥቁር እኩል በእኩል።

ባለቤቴ ናሙናውን እንዳየች «ሰርገኛ ጤፍ» አለችው። ሰርገኛ ከቅርብ ሲያዩት ነጩና ቀዩ ተለይቶ ይታያል፤ ራቅ ሲሉ ግን ሁለቱንም ያልሆነ ሌላ ቀለም ይሆናል። የእኛም ንጣፍ ከደረጃው ላይ ሲታይ ሦስቱም ቀለሞች ጠፍተው፣ ደብዘዝ ያለ ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል። መዳፍ የምታህል ናሙና ይዞ መወሰን ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው፤ ቢያንስ የመሶብ ክዳን የሚያህል ናሙና መሬት ላይ አኑሮ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ደረቁንም እርጥቡንም ከርቀት ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ማጣበቂያው ነው። ርካሹና የተለመደው ዓይነት፣ አሮማቲክ የሚባለው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ይህን የሠራልን ድርጅት አስቀድሞ አልነገረንም። ቢጫ በሰማያዊ ላይ ሲደረብ ምን እንደሚሆን ቀለም የነካ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋልና፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገንዳችን ኩሬ ዳር የበቀለ ሣር የከበበው መሰለ። በተመሳሳይ ማጣበቂያ የተሠራው ቡናማና ጥቁር በረንዳ ግን ምንም ለውጥ አላሳየም። ከወራት በኋላ ቢጫው ሽፋን እግር በሚበዛበት መተላለፊያ ላይ እየተፋቀ ሰማያዊው ተመለሰ፤ ማንም በማይረግጠው ማዕዘን ግን አረንጓዴው ዛሬም አለ፤ ከተጋደሙት ወንበሮች ሥር ያለው ደግሞ ከመጀመሪያውም ሳይለወጥ ቀርቷል። አሊፋቲክ የተባለው ማጣበቂያ ዋጋው ከፍ ቢልም እንዲህ አይቢጭም።

የሙቀቱ ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 ከተማዋ 120 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 48.9 ሴልሺየስ ገደማ ሆኖ የተመዘገበውን የምንጊዜም ከፍተኛ ሙቀቷን ስታስተናግድ፣ ከጣሪያው ጥላ ውጭ የቀረውን የበረንዳውን ጠርዝ በባዶ እግር መርገጥ አልተቻለም። የገንዳው ዙሪያም ያቃጥል ነበር፤ ሆኖም ውኃ ሲረጭበት ልጆቹ ሮጠው ያልፉበታል። ስለዚህ ጥቁር የበዛበትን ድብልቅ ለጥላ ብቻ እተወዋለሁ።

አቧራን በተመለከተ ድብልቁ አላሳፈረኝም፤ አንድ ወጥ ቀለም ቢሆን ኖሮ የሚያጋልጠውን የበረሃ አቧራ ዋጥ አድርጎ ይደብቃል፣ በጎማ ቱቦ ሲታጠብም ውኃው በጥራጥሬዎቹ መካከል ሰርጎ ይወርዳል። የክሎሪን እንክብል አርፎበት የነጣው ቦታ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የእኔው ጥፋት ነው።

የላይኛው ማጣበቂያ እንደገና የሚቀባበት ጊዜ ሲደርስ አሊፋቲኩን በጽሑፍ አስፍሬ አዝዛለሁ። ሰማያዊውን እንደ አዲስ የመምረጥ ዕድል ቢኖረኝ ወደ ሩብ አወርደውና የአሸዋውን ቀለም ግማሽ አደርገው ነበር፤ ባለቤቴ ግን አረንጓዴውን ማዕዘን ወድዳዋለች።