«የዕድሜ ልክ» የሚባለውን የቪቲቲ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቅዳሜ ማታ በኮምፒውተር ተገናኝታችሁ ዲ ኤንድ ዲ (ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ይዞ ታሪክ የሚጫወትበት ጨዋታ) የምትጫወቱ፣ በተለይ ግማሻችሁ አዲስ አበባ ግማሻችሁ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኛ አምስት ሆነን 330 ዶላር አዋጥተን ከአንድ የቪቲቲ ድርጅት «የዕድሜ ልክ» የተባለ ፓኬጅና ሦስት ዲጂታል የጨዋታ መጻሕፍት ገዛን። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ከገንዘቡ አንድ ሳንቲም አልተመለሰልንም፤ ከመጻሕፍቱም አንዲት ገጽ በእጃችን የለችም። ያው ዓይነት ማስታወቂያ አሁንም ስለሚያጋጥመኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለአዲሶቹ፦ ቪቲቲ (ቨርቹዋል ቴብልቶፕ) ማለት የጨዋታ ጠረጴዛውን ወደ ስክሪን የሚያመጣ ሶፍትዌር ነው። ካርታው ይዘረጋል፣ የእያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ቶከን ሆኖ ይቆምበታል፣ ባለ 20 ገጹ ዳይስ ሁሉም እያየው ይጣላል፣ ያልደረሳችሁበት ክፍል በጨለማ ተሸፍኖ ይቆያል። አንድ ቤት ተሰብስቦ መጫወት ለማይችል ቡድን ትልቅ ነገር ነው። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ጨዋታውን የምመራውም እኔ ነኝ። አንዱ ጓደኛችን ሙኒክ፣ አንዷ ዱባይ፣ የአክስቴ ልጅ ገርጂ፣ አብሮ አደጌ ደግሞ ፒያሳ ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን በሰመር እኔ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ያቺን ሰዓት ለማግኘት ስንት ነገር እንዳስተካከልን እኛ ነን የምናውቀው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በብላክ ፍራይደይ ቅናሽ አየሁ። በወር 8 ዶላር የሚከፈልበት አገልግሎት፣ አንድ ጊዜ 240 ዶላር ከከፈላችሁ «ለዕድሜ ልክ» ይላል። ሰላሳ ወር ከተጫወትን ዋጋውን መለሰ ብዬ አሰላሁ። ሦስት መጻሕፍት በ30 በ30 ዶላር ጨመርን። አዲስ አበባ ያሉት በካርድ ኦንላይን መክፈል ስለማይችሉ ሁሉንም በእኔ ካርድ ከፈልኩ፤ እነሱ ድርሻቸውን ለእናቴ ሰጡልኝ። የእያንዳንዳችን ድርሻ 66 ዶላር ነበር፣ ያኔ በባንክ ምንዛሪ 3,500 ብር ገደማ። አዲስ አበባ በደመወዝ ለሚኖር ሰው ለጨዋታ ተብሎ የሚወጣ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኔን አምነው ነው የሰጡት።

በኦገስት 2024 ኢሜይል መጣ። ድርጅቱ «አዲስ ትውልድ» ያለውን ሥርዓት እንደጀመረ፣ የድሮው ሰርቨር በ60 ቀን ውስጥ እንደሚዘጋ፣ የዕድሜ ልክ ፈቃዳችን ለድሮው ብቻ እንደሆነ፣ መጻሕፍቱም ወደ አዲሱ እንደማይተላለፉ ይናገራል። ለካሳ የቀረበልን በአዲሱ የ120 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ላይ 20 በመቶ ቅናሽ ነው፣ ያውም ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀው ከዚያ በፊት በነበረው ወር፣ ጁላይ 29 ቀን ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለአክስቴ ልጅ «እንደገና እናዋጣ» ብዬ እንዴት ልንገረው?

ለድርጅቱ ጻፍኩ። «ዕድሜ ልክ ብላችሁ ሸጣችሁልኝ አይደለም ወይ?» አልኩ። መልሱን ልብ በሉልኝ፤ ዕድሜ ልክ ማለት የምርቱ ዕድሜ ነው እንጂ የገዢው አይደለም አሉኝ። ውሉን ገልጬ ሳነበው በእርግጥ እንዲያ ይላል። መጻሕፍቱንም የገዛኋቸው ሳይሆን በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ የሚችል የማንበብ ፈቃድ ነው የተሰጠኝ። ገንዘብ የሚመለሰው በ14 ቀን ውስጥ ከተጠየቀ ብቻ ነው። ባንኬም ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ክፍያ መከራከሪያ ጊዜው አልፏል አለኝ። በወር 8 ዶላር ብንከፍል ኖሮ እስከ መዘጋቱ ድረስ ለ23 ወር 184 ዶላር ይሆን ነበር፣ በፈለግነውም ቀን መውጣት እንችል ነበር። «ቅናሹ» ከመደበኛው ዋጋ በላይ አስከፈለን ማለት ነው።

የሙኒኩ ጓደኛችን ቸኩሎ አዲሱን በ96 ዶላር ገዛ፤ ሦስት ቀን ሞክሮ አልወደደውም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ኦንላይን የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይችላል። ነገር ግን ዲጂታል ይዘት ሲገዛ «ወዲያውኑ ይከፈትልኝ፣ የመመለስ መብቴ እንደሚቀርም አውቃለሁ» የምትል ሳጥን አለች። እሷን ምልክት አድርጎባት ስለነበር ገንዘቡን ማስመለስ አልቻለም። የቀረለት ነገር ቢኖር የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ በራሱ እንዳይቆረጥ ማስቆም ነው፤ ጀርመን ውስጥ ከጁላይ 2022 ጀምሮ ኦንላይን ኮንትራት የሚሸጥ ድረ ገጽ የመሰረዣ ቁልፍ ማስቀመጥ ግዴታው ስለሆነ ይህኛው አላስቸገረውም። ሌላ አገር ያላችሁ ግን መሰረዣውን ከመክፈላችሁ በፊት ፈልጉና አረጋግጡ።

የድርጅቱን ስም የማልጠራው ነገሩ የአንድ ድርጅት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። በአገልግሎት መልክ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ሻጩ ሲፈልግ ይለወጣል። የዲ ኤንድ ዲ ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለአራተኛው እትም በወርሃዊ ክፍያ የሚያቀርባቸውን የኦንላይን መሣሪያዎች በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ዘጋ፤ የተሠሩበት ሲልቨርላይት የሚባለው የማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂ ዕድሜው ስላለቀ ነበር። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2019 የኢ መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት መከፈት አቆሙ፤ እሱ ቢያንስ ገንዘቡን መልሷል። የዲ ኤንድ ዲ ዲጂታል መጻሕፍት የሚሸጡበትን ድረ ገጽ፣ ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድን፣ የዊዛርድስ ባለቤት የሆነው ሀስብሮ በ2022 በ146.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በሜይ 2024 ደግሞ ከመጽሐፍ ውስጥ የሚያስፈልጋችሁን አንድ ጭራቅ ወይም አንድ ክፍል ብቻ ነጥሎ በትንሽ ዋጋ መግዛት ቀረና ሙሉውን መጽሐፍ መግዛት ግድ ሆነ። ሲጊል የተባለው የራሳቸው ባለ 3ዲ ቪቲቲ በፌብሩዋሪ 2025 ወጣ፤ በማግስቱ ወር ሠላሳ ያህል ሠራተኞቹ ተቀነሱ። እንዲህ ትልቅ ድርጅት እንኳ በአንድ ወር ውስጥ ሐሳቡን የሚቀይር ከሆነ የትንሹን ድርጅት «ዕድሜ ልክ» በምን እንመን?

ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ አለ። ዲጂታል ነገር የሚሸጥ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚለውን ቃል መጠቀም አይችልም። የእኔ ስቴት ሜሪላንድ ነውና ሕጉ ለእኔ አይደርስም፤ ቢሆንም በመግዛትና ፈቃድ በማግኘት መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ የተረዳሁት ከእሱ ነው። አሁን መክፈያው ገጽ ላይ ስደርስ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ ነገ ጠዋት ቢዘጉ በእጄ ምን ይቀራል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ወር በወር እከፍላለሁ፣ ወይም አልከፍልም። መጽሐፉ በፒዲኤፍ ይወርዳል? የሠራሁት ዓለም፣ ካርታው፣ የገጸ ባሕርያቱ ወረቀት በፋይል ይወጣል? አንዱ ቪቲቲ ላይ የከፈላችሁበት መጽሐፍ ሌላው ላይ ብዙውን ጊዜ አይከፈትም፤ የታተመው መደርደሪያችሁ ላይ ቢኖርም እንደ አዲስ ትከፍላላችሁ።

ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ዘግይቼ ያወቅኩት ነገር አለ። ለመጀመር መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም። በ2023 መጀመሪያ ሌሎች በዲ ኤንድ ዲ ደንቦች እንዲሠሩ የሚያስችለውን ክፍት ፈቃድ ሊቀይሩ ነው ተብሎ ያ ሁሉ ቁጣ ከተነሳ በኋላ፣ ዊዛርድስ በጃንዋሪ 27 ቀን የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ደንቦች በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሁሉም ለቀቀ። ይህ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ አይነሳም። ኤስአርዲ 5.1 ይባላል፤ በኤፕሪል 2025 ደግሞ 5.2 ተጨመረ። አውርዳችሁ ለአዲስ አበባው ጓደኛችሁ በቴሌግራም ብትልኩለት ማንም አይጠይቃችሁም። ሁለት ወር ብንታገስ ኖሮ ከገዛናቸው ሦስት መጻሕፍት በአንዱ ፈንታ በዚህ በነፃ በሚገኘው መጫወት እንችል ነበር።

አሁን የምንጠቀመው ፋውንድሪ የተባለውን ቪቲቲ ነው። በ2020 የወጣ ሲሆን 50 ዶላር አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ የሚከፍለውም ጨዋታውን የሚያስተናግደው ሰው ብቻ ነው። ሶፍትዌሩም ዓለማችንም የሚቀመጠው እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሌሎቹ በብራውዘር ይገባሉ። ችግር የለበትም አልልም። ሌሎቹ ከውጭ ወደ ኮምፒውተራችሁ እንዲገቡ የቤታችሁን ራውተር ወደብ (ፖርት) መክፈት ይኖርባችኋል። እሱን ለማስተካከል ሁለት ቅዳሜ አልፎብኛል። አስተናጋጁ አዲስ አበባ በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ መብራት ሲጠፋም የሁላችሁም ጨዋታ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ውጭ ያለው ሰው ቢያስተናግድ ይሻላል። ትልቅ ቨርዥን ሲቀየር የጫናችኋቸው ሞጁሎች (ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ሊበላሹ ስለሚችሉ፣ የዳታ ፎልደሩን ኮፒ ሳታስቀምጡ ማሻሻያውን አትጫኑ። ካርታና ቶከን ብቻ ለሚበቃው አውልቤር ሮዲዮ የተባለው ቪቲቲ በነፃ ይጀመራል፤ ሮል20ም ከ2012 ጀምሮ በነፃ መጠቀም የሚቻልበት አማራጭ አለው። በነፃው ሁለት ሦስት ወር ሳትጫወቱ ለማንም አትክፈሉ።

በጣም ያንገበገበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። በመጨረሻው ሳምንት የጨዋታችንን መዝገብ፣ አርባ አንድ ቅዳሜ ያወራነውን ሁሉ፣ በፋይል ላወጣው ሞከርኩ። ፋይሉ ወጣ፤ በአማርኛ የጻፍነው በሙሉ ግን ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ሆኖ ነበር። የገጸ ባሕርያቱ ስም፣ የመንደሮቹ ስም፣ የዱባይዋ ጓደኛችን ሌሊት ከሥራ ገብታ የጻፈችው የአንጥረኛው ለቅሶ፣ አንዱም አይነበብም። የተረፈን የፒያሳው አብሮ አደጌ በየሳምንቱ በእጁ የጻፈበት ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ገጹን እያነሳ በቴሌግራም ላከልን፤ ፋውንድሪ እስኪስተካከል ድረስም በቴሌግራም የድምፅ ጥሪ፣ የካርታ ፎቶ እያየን፣ ዳይሱን በየቤታችን እየጣልን ተጫወትን። የአዲስ አበባዎቹን ድርሻ በአዲሱ ምንዛሪ ሒሳብ ከኪሴ መለስኩ። የአክስቴ ልጅ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ እናቴ ናት ያስያዘችው።

እንዲህ ያለ የመዘጋት ኢሜይል የደረሳችሁ ካላችሁ ቀኑን አትጠብቁ። ዛሬውኑ የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ወረቀት ስክሪንሾት አንሱ፣ ካርታዎቹን አውርዱ፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የሽያጩን ማስታወቂያ ፎቶ አስቀምጡ፣ ካርዳችሁንም ከአካውንቱ አውጡ። በፋይል ያወጣችሁትን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ፊደሉ መነበቡን እዩ፤ ሰርቨሩ ከተዘጋ በኋላ ሳጥኑን ወደ ፊደል የሚመልስላችሁ ሰው አታገኙም።